ጀውሃ ላይ የወረደችው እናቴ

የልጄ ሚስት ሰሞኑን ወገቧን አሟት ኖሮ፣ አብሽ ዘፍዝፋ አሳድራ ማለዳ ስትመታው ያ መረር ያለ ሽታ ከጓዳ ወጥቶ ቁርስ የምበላበት ድረስ መጣና ተቀምጬ መጨረስ አቃተኝ። ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ስመላለስ «እማማ፣ ምን ጠፋዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? የሸተተኝ ሸዋ ሮቢት ያለው የእናቴ ቤት ነው።

አያቶቼ ከየመን በጀልባ ባሕር ተሻግረው፣ ከግመል ነጋዴዎች ጋር በረሃውን አቋርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው። ወንድ አያቴ ገበያው ጥግ ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ ኖሮ እኔ ሳልወለድ ሞተ። ጂዳ የምንላት ሴት አያቴ ደግሞ አብሹን አረፋ እስኪያወጣ በእጇ እየመታች ትኩስ መረቅ ላይ የምትደፋበትን የአገሯን ሙያ ለእናቴ አስተማረቻት፤ የሰፈር ልጆች እኛን ከሩቅ በጠረናችን ይለዩን ነበር። እናቴ ዘይነብ የተወለደችው እዚያው ሮቢት ነው። አባቴን፣ ማሽላና ማሾ የሚዘራውን የይፋት አርጎባ ሰዒድን ስታገባ «የዓረቡ ልጅ እርሻ ልትገባ ነው» ብለው ሳቁባት፤ እሷ ግን ባሏንም፣ እናቷንም፣ ታናሽ ወንድሟን ሳሊህንም፣ ልጆቿንም ባንድ ግቢ ሰብስባ ኖረች። ስትቆጣ አማርኛውም ዓረብኛውም አይበቃትም ነበርና ከአባቴ ወገኖች አርጎብኛ ትበደር ነበር።

ጣሊያን ሲገባ አባቴ ጠመንጃ ካላቸው የአገሩ ሰዎች ጋር ዱር ገባ። መጀመሪያ መጀመሪያ በእንጨት ሻጭ መልእክት ይልክልን ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ወሬው ጠፋ። ወታደሮች እየመጡ ጎተራችንን በሳንጃ ይወጉታል፣ እናቴን «የሽፍታ ሚስት» ይሏታል። በዚያን ጊዜ ነው አጎቴ ሳሊህ የውጭ ዜጋ ነኝ ብሎ የመሄጃ ፈቃድ ያገኘውና፣ ቆዳ ጭኖ ወደ አሰብ በሚወርድ ካሚዮን ላይ ለሁላችንም ቦታ የለመነው። ከዚያ ወደ የመን እንሻገራለን አለ። እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። ዕቃውን ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታዋለች፣ ወደ ተራራው የሚያሳየው በር ላይ ትቆምና ትመለሳለች። እኛ ግን ካሚዮን ልንወጣ ነው ብለን ደስታ አላስተኛንም፤ ወንድሜ ሐሰንማ አንዲቷን ዶሮውን ለሦስት ጓደኞቹ ቃል ገብቶላቸው ሦስቱ ተደባደቡባት።

ጠዋት ተነሣን። ቆዳው ይሸታል፣ ዝንቡ ይወርረናል፣ ሙቀቱ ከላይ በሸራው፣ ከታች በቆዳው ይዞን ይቀቅለናል። ጂዳ ጆንያ ላይ ተቀምጣ በመቁጠሪያዋ ዚክር ትላለች። ጀውሃ ወንዝ ስንደርስ ሹፌሩ ሞተሩ ውኃ ጠምቶታል ብሎ ቆመ። እናቴ ቀድማ ወረደች፤ ከዚያ እኛን እየተቀበለች አወረደችን፤ ከዚያ የምንለብሰውን የያዘውን ጥቅልል ሳበች። አጎቴ ውኃ ልታጠጣቸው ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ ጥቅልሉን ሲያይ ዘሎ ወረደ።

«እቴ፣ ምን መሆንሽ ነው?»

«እኔ አልሄድም፣ ሳሊህ።»

«አብደሻል? ሰዒድ እኮ ሞቷል!»

«መሞቱን ያየ አለ? ቢመጣ ባዶ ደጅ ላይ ነው የሚቆመው።»

አጎቴ ክንዷን ይዞ ወደ ካሚዮኑ ጎተታት። ያን ጊዜ ጂዳ ከላይ ሆና «ተዋት» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እኔም አባታችሁን ብዬ እናቴን ባሕር ማዶ ትቼ የመጣሁ ነኝ። ተዋት ልጄን።» እናቴ በጎማው ላይ ቆማ ተንጠራርታ የአያቴን እግር ሳመች፤ ከዚያ በላይ አይደርስላትም ነበር። ካሚዮኑ ሲንቀሳቀስ አላለቀሰችም። ትንሿን እህቴን አዘለችና አቧራው ሳይበርድ ፊታችንን ወደ ሮቢት መለሰችው።

አባቴ የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ እግሩን እየጎተተ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ። እኔ ጅን መስሎኝ ሮጬ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ውኃ አሙቃ እግሩን ካጠበችው በኋላ ነው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያለቀሰችው። ሁላችንም አሁን አረፈች ብለን ነበር። አላረፈችም። እሱን ስትጠብቅ ወደ ተራራው ታይ የነበረችው ሴት ከዚያ ወዲያ በሰሜን በኩል ያለውን መንገድ ታይ ጀመር። ከአሰብ መጣ የተባለ ሹፌር ሁሉ ሳይጠየቅ አያልፍም። ከጂዳም ከሳሊህም አንድ ወሬ ሳይመጣ አባቴን ቀበረች፣ ልጆቿን ዳረች፣ የልጅ ልጆቿን አሳደገች፤ አርጅታ ዓይኗ ሲደክም እንኳ ወሬ እያወራችን መሀል ላይ ድንገት ትነሣለች፣ ወዴት ነሽ ስንላት «ምንም» ትላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካደግሁ በኋላ፣ ይጸጽትሽ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ብሄድ አባትሽን እንዲህ ስጠብቅ ልኖር ነበር» አለችኝና የያዘችውን ማሾ መልቀም ቀጠለች።

እሷን የቀበርን ሰሞን ልጆቿ ከያለንበት መጥተን በዚያ ግቢ ተሰበሰብን። ሐሰን ከሪያድ፣ እህቴ ከደሴ፣ እኔ ከአዲስ አበባ። ለቀስተኛው ገና ሳይሳሳ ሐሰን የአውሮፕላኑን ሰዓት ያሰላል፣ እህቴ ሱቄን የያዘልኝ ሰው አይታመንም ትላለች፣ እኔም የክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ። ቤቱን ማን ይያዘው ብለን ተነጋገርን፤ ሁሉም አንተ፣ ሁሉም አንቺ አለ። ወታደር የመጣብን የለም፣ ጎተራችንን የወጋ የለም። ከቀትር በኋላ ሁለቱ በየመኪናቸው ሄዱ። እኔም በሩን ዘግቼ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ተከተልኳቸው።