ማሽን ላይ ሰላምታ የለም

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ወደ ውጫሌ ስሄድ ሐይቅ ከተማ ላይ ወረድሁና ከውኃው ዳር ባለች አንዲት ምግብ ቤት ምሳ አዘዝሁ። ቤቲቱ በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፋ ባዶ ግድግዳ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ አሁን አዲስ ቆርቆሮ ለብሳለች። የተጠበሰው ዓሣ እስኪመጣ እጄ ሳላዝዘው የተቀመጥሁበትን ወንበር እግር ይዳስስ ጀመር። ከላይ ወፍሮ ወገቡ ላይ የሚቀጥን፣ ታች ደግሞ እንደ እንኮይ ፍሬ ሞላ የሚል እግር ነው። ማን እንደ ሠራው መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ቢሆንም ባለቤቱን ጠየቅሁት።

«ዘሐራ ናታ!» አለኝ፣ አለማወቄ እያስገረመው። «ከጦርነቱ ወዲህ የዚህን አገር ወንበር የሠራው ሌላ ማን አለና? የእጇን ነገር ተይው!»

ዓሣው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ግማሹን ተውሁት። በዚህ ዕድሜዬ ቅናት የምግብ ፍላጎቴን ይዘጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያደግሁት እዚሁ ከተማ፣ ደሴ መንገድ ዳር ባለው የአባቴ እንጨት ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ቶርኖ ነበረው፦ እንጨቱን ግራና ቀኝ ወጥሮ የሚያሽከረክር፣ ባለሙያው በመሮ እየነካ ቅርጽ የሚያወጣበት ማሽን። ዘሐራ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ወንድሟ ከአባቴ ጋር ይሠራ ነበር፤ በሰሜን ድንበር ጦርነት ሲነሳ ዘመተ። ቤታቸው በእሱ ገቢ ይኖር ስለ ነበር፣ አባቴ ቦታውን ለእሷ ሰጣት። እኔም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ የፈተና ውጤት እጠብቅ ነበርና በዚያ ክረምት ሁለታችንም ሰጋቱራ ውስጥ ዋልን።

«ማሽኑ አንድ ነው» አለን አባቴ። «ለመስከረም ለሙሽሮች አልጋ የሚሆን እግር ታዝዟል። እስከዚያ አይቼ ከሁለታችሁ አንዷን ቶርኖው ላይ አቆማለሁ።»

ከውጤቴ ይልቅ ያንን ቦታ ፈለግሁት። የአባቴ ልጅ እኔ ነበርሁ፤ የእንጨቱን ሽታ ከእናቴ ሽታ ጋር ያወቅሁት እኔ ነበርሁ።

የአባቴን ሥርዓት ከዘሐራ በፊት በቃሌ ያዝሁት። እንጨቱ ስንጥቅ እንደሌለው በጥፍር ይታያል። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት እንጨቱ በእጅ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የሚነካው ነገር ካለ ይታወቃል። አምባር ይወልቃል፣ እጅጌ ይጠቀለላል፣ የሻሽ ጫፍ አንገት ሥር ይወተፋል። የሚሽከረከርን እንጨት በጣት መዳሰስ ክልክል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሎ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ አንድ ሕግ ነበረው፦ ማሽን ላይ ሰላምታ የለም። አባትሽም ይግቡ፣ ሼህም ይግቡ፣ ቄስም መስቀል ይዘው ይግቡ፤ ማሽኑ ሳይቆም ዓይንሽ ከእንጨቱ አይነሳም።

ማብሪያ ማጥፊያው ከማሽኑ ራቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ስለ ነበር አንዳችን ስንሠራ ሌላችን እጇን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ትቆማለች። እኔ ስሠራ መሮው ይንጫጫል፣ እንጨቱ እንደ ተላጠ ድንች ይሆናል። ዘሐራ ስትሠራ ግን ከዋንዛው ላይ ረጅም ጥምዝ ልጣጭ እየተንከባለለ ጉልበቷ ላይ ይወርዳል። እየሠራችም ታንጎራጉራለች። አባቴ አጠገቧ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ለእኔ እንደዚያ ነቅንቆ አያውቅም።

«አስካለ፣ እዪውማ፣ አልጎበጠም?» ትለኛለች፣ እንዳልጎበጠ እያወቀች።

«ጎብጧል» እላታለሁ።

«ወላሂ ቅናት ነው!» ብላ ትስቃለች። እውነቷን ነበር፤ መሳቋ ነው ያንገበገበኝ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ አምባሰል ተራራ ጥርት ብሎ በታየበት አንድ ረፋድ፣ ሼህ ይማም ለምርኩዛቸው እጀታ ሊያዝዙ ገቡ። ሰፈሩ ሁሉ እጃቸውን የሚስም ሽማግሌ ናቸው። «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ።

ቶርኖው ላይ የነበረችው ዘሐራ «ወዐለይኩም ሰላም» ብላ ዞረች። መዞር ብቻ አይደለም፤ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። የሻሿ ጫፍ ከአንገቷ ሥር ወጣና በሚሽከረከረው የአልጋ እግር ላይ ወደቀ።

ማጥፊያውን ተጫንሁት። ሞተሩ ዝም አለ፤ እንጨቱ ግን ወዲያው አይቆምም። ሻሹ ሁለት ሦስቴ ተጠመጠመ፣ ጭንቅላቷን ወደ ማሽኑ ሳበው። ከዚያ ሻሹን የያዘው ስፒል ተነቀለና ሻሹ ሙልጭ ብሎ ከራሷ ወጣ። እንጨቱ ሲቆም ጉንጯና የመሮው ማስደገፊያ ብረት ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

ዘሐራን ከሞት ይልቅ ያስደነገጣት ራሷ መገለጡ ነበር። በሁለት እጇ ጸጉሯን ሸፍና ተቀመጠች። ሼሁ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ነጠላዬን አውልቄ ጣል አደረግሁላት።

«ይችን ልጅ አላህ ይጠብቃት!» አሉ ሼህ ይማም፣ በሩን እያዩ። «ሥራ ላይ ሆና እንኳ ታላቅ አትረሳም። ክፉ አይንካሽ! እጅሽ ይባረክ! ትዳርሽ ይመር! አሚን በሉ እንጂ!»

«አሚን» አልን፤ እኔም አልሁ።

«የአንተዋ ተማሪ ግን» አሉ ወደ አባቴ፣ «አንገቷ አይታጠፍም እንዴ? እንደ ግንድ ቆማ አየችኝ!»

ያየሁትስ እሳቸውን አልነበረም፤ እንጨቱን ነበር።

ሼሁ ሲወጡ አባቴ የተጠመጠመውን ሻሽ በቢላ ቆርጦ አወጣው።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«ጋሼ፣ ሳላስበው ነው። ሼሁ ቆመው እኔ ጀርባዬን ብሰጣቸው እናቴ ትገድለኛለች።»

«ሻሹ ይቀድማት ነበር!»

ልቤ በፍርሃት እየመታ እንኳ አንድ ነገር ያሰላ ነበር፦ ቦታው የእኔ ሆነ። ሥርዓቱን ያፈረሰችው እሷ፣ የጠበቅሁት እኔ። አባቴ ግን በማግሥቱ መሮውን ለዘሐራ ሰጣት።

«ያጠፋችው እሷ ናት!» አልሁ፤ ድምፄን አባቴ ላይ ከፍ ያደረግሁበት ጊዜ ሌላ ትዝ አይለኝም።

«አዎ፤ ከእንግዲህ አይደግማትም። ሻሿንም ወደ ኋላ ታስረዋለች» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስካለ፣ እጅ ያለው ሰው ሌላም አገኛለሁ። ሼህ ይማም ገብተው ዓይኑን የማያነሳ ሰው ግን ከአንቺ በቀር አላየሁም። አንቺ ግድግዳው ጋ ካልቆምሽ ማንንም አላሠራም።»

ሌላ ሰው ይህን እንደ ክብር ይቀበለው ነበር። እኔ ግን ማታ ምርር ብዬ አለቀስሁ። የዘሐራ እናት የተጠበሰ በቆሎ ይዛ መጥታ ግንባሬን ስትስመኝ እንኳ፣ ልጇ ከሼሁ ያገኘችው ምርቃት ለእኔ እንዳልደረሰኝ ነበር የማስበው። እስከ መስከረም ግድግዳው ጋ ቆምሁ። የሙሽሮቹ አልጋ ሲወጣ ሰው መንገድ ላይ እየቆመ «የማን እጅ ነው?» አለ። ማን አጥፍቶ አበራ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ምህንድስና አጠናሁ። እንጀራዬም ይኸው ሆነ፦ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞርሁ የትኛው የማሽን ቀበቶ መሸፈን፣ የትኛው ማጥፊያ ወደ ሠራተኛው መቅረብ እንዳለበት አሳያለሁ። ሥራዬን በሚገባ እሠራለሁ፤ ይህን ያለ ትሕትና መናገር እችላለሁ። ያልተቆረጡ ጣቶች፣ ያልጠፉ ዓይኖች በየአገሩ አሉኝ። ነገር ግን ያልደረሰ አደጋ አይዳሰስም። ባለ ጣቶቹም በእኔ ሥራ እንደ ተረፉላቸው አያውቁም፤ ቢያውቁ ደግሞ አደጋው ደርሶ ሥራዬ አልሠመረም ማለት ነው።

አባቴ ልክ እንደ ነበር ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ማወቄ ግን ቅናቱን አላበረደልኝም፤ ምናልባትም አባሰው፤ የተሳሳተ አባት ቢሆን ኖሮ ጊዜ ይክሰኝ ነበር። ዘሐራ ዛሬም በዐሥር ጣቷ ትሠራለች። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ አይቼ «ይህ የእኔ ነው» የምለው አንድ ነገር እነዚያ ጣቶች ናቸው፤ እነሱም የሷ ናቸው።