ፍሬንና ሦስቱ ብርድ ልብሶች

የሥራ ጓደኞቹ ፍሬን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ሌላው ሾፌር ጥሩምባ በሚነፋበት ቦታ እሱ ፍሬን ይይዝ ነበር። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም፣ ከኋላ ያለው ቢሳደብ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ፈገግ ይላል። አንድም ሰው ሳይገጭ ጡረታ ወጣ። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነለትምና የተማሪዎች ሚኒባስ ያዘ። ሕፃናቱ ከኋላው ሲንጫጩ ፊቱ ይበራል፤ ከዚያ ጫጫታ ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ሚስቱ ሌላ ፍጥረት ናት። ልጆቿ በሌለችበት ትራፊክ ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች። ቆሞ ማየት አልፈጠረባትም። ድስት ሲገነፍልም ሆነ ጎረቤት ሲጣላ እጇን ዘርግታ አንዱን ታስቆማለች፣ ሌላውን ታሳልፋለች። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደኖሩ ሲጠየቅ ፍሬን፣ እሷ ባትኖር እኔ ከቆምኩበት አልነሣም፣ እኔ ባልኖር እሷ ከሄደችበት አትመለስም ይላል።

ነገሩ የመጣው መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሄዶ ነው። በደም ምርመራው ነጭ የደም ሴሎቹ ከልክ በላይ በዝተው ተገኙና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲላክ ቆይቶ የደም ሐኪሟ ዘንድ ደረሰ። ሐኪሟ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ከመናገሯ በፊት ሁለቴ የምታስብ ሴት ናት። የደም ካንሰር ነው፣ ግን ቀርፋፋው ዓይነት ነው አለችው። መድኃኒት አሁን ቢጀመር ለዕድሜው የሚጨምርለት ነገር የለም፣ የመድኃኒቱ ጣጣ ግን ይተርፈዋል። ስለዚህ እየተመላለሰ ይታያል። ክብደቱ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀው፣ ደሙ ካነሰ ወይም እብጠት ካደገ ያን ጊዜ ይታከማል። እስከዚያው ከጉንፋን ይጠንቀቅ፣ የሚያስል ሕፃን ካለ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጥ፣ ሥራውንም ይሥራ።

ፍሬን ወዲያው ገባው፤ ቀይ መብራት ላይ ነዳጅ አይሰጥም። ሚስቱ ግን ካንሰር አይታ «ሂዱና ኑ» የምትል ሐኪም ራሷ ጤነኛ ናት ወይ እያለች እቤት ድረስ ስትብሰለሰል መጣች። መፍራቷን ለማንም አልተናገረችም። ይልቅ ሥራ ጀመረች።

የመኝታ ቤቱን መስኮት በፕላስተር ለጠፈች። አልጋው አጠገብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አቆመች። ባሏን የሱፍ ኮፍያ አልብሳ፣ ብርድ ልብስ ደርባ አስተኛችው። ልጃቸው ደግሞ ስኳር ካንሰርን ይመግባል የሚል ነገር ስልኳ ላይ አንብባ መጣች። ዳቦ ተከለከለ፣ ሥጋ ተከለከለ፣ ሻይው ባዶውን ቀረ። የታመመው ደም ነውና ቀይ ነገር ይግባበት ተብሎ ጠዋትና ማታ የቀይ ሥር ጭማቂ ይቀርብለታል። ፍሬን እንዳይቀየሙት ጠጣ፣ ተሸፈነ። ሲነጋ ፒጃማው በላብ ርሶ ይገኛል። ትራፊክ ጨምቃ ታሰጣዋለች፣ ልቧ ፍርስ ይላል፣ ላብ ያለው ሰው ብርድ እንዳይመታው ብላ ማታ አንድ ብርድ ልብስ ትጨምራለች። እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስት ደረሰ።

ከዚያ የቀጠሮው ቀን መጣ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነበር፤ ቀበቶው ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፏል። ሐኪሟ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየች። ሌሊት ያልበው እንደሆነ ጠየቀች። ያልበኛል፣ ፒጃማዬ ይጨመቃል አላት። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ሊጀመር ነው ማለት ነው አለች። መጀመሪያ ላይ ምልልሱ ይበዛል፣ ሰውነቱም እስኪለምድ ከሕፃናት ጉንፋን መራቅ ስላለበት ሚኒባሱን ለሌላ ሰው ማስረከብ ይኖርበታል።

ፍሬን ኪሱ ውስጥ የሚኒባሱን ቁልፍ ጨበጠ። ትራፊክ ግን፣ ይቅር ይበላትና፣ እፎይ አለች። በስንት ጊዜ አንድ ሰው አንድ ነገር ሊያደርግ ነው።

ሐኪሟ ብዕሯን አንሥታ አልጻፈችም። የደሙን ውጤት እንደገና አየች፤ ካለፈው የተለየ ነገር የለውም። አንገቱን፣ ብብቱን፣ ከግራ ጎድኑ ሥር ዳሰሰች፤ ምንም አላደገም። ሰውነቱ ያለውንና ደሙ ያለውን ማስማማት አቃታት። ከዚያ፣ ለወጉ ያህል በሚመስል ድምፅ፣ ማታ እንዴት እንደሚተኛ ጠየቀች።

የመለሰችው ትራፊክ ናት፣ በኩራት። ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ኮፍያው፣ ስለ ሦስቱ ብርድ ልብሶች አንድ ሳይቀር ነገረቻት። ስለ ምግቡ ስትጠየቅም ቀይ ሥሩን ደረደረች።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እትዬ» አለች፣ «እዚያ አልጋ ላይ እኔም ብተኛ ያልበኛል። ዛሬ መድኃኒት ብጽፍ የማክመው ብርድ ልብሱን ነው።»

ፍሬን አፉን በእጁ ያዘ። ሳቁ ግን በትከሻው ወጣበት።

ሐኪሟ ጉዳዩን በሳቅ አልዘጋችውም። አንድ ወር ሰጠቻቸው። መስኮቱ ይከፈታል፣ ብርድ ልብሱ አንድ ይሆናል፣ ሰውየው እንደ ሰው ይበላል። ከዚያ በኋላም ላቡ ካልቀረ፣ ክብደቱም ካልተመለሰ፣ ያለ ማወላወል ትጀምራለች። እስከዚያው ሚኒባሱን ይንዳ።

ኮሪደሩ ላይ ትራፊክ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች።

«ላድንህ ብዬ ልገልህ ነበር።»

«ሞቆኝ ነበር እንጂ አልሞትኩም» አላት።

«እጄን አጣጥፌ ማየት አልችልማ፤ ምን ላድርግ?»

ቀድማቸው የወጣችው ሐኪም ሰምታ ኖሮ ተመለሰች። ማየትም ሥራ ነው፣ ያውም ከባዱ አለቻት። በየጠዋቱ ማጅራቱን በእጇ ትዳስስ፤ ደረቅ ይሁን እርጥብ እሷ ታውቃለች፣ እርጥብ ከሆነ ወሩ እስኪሞላ ሳትጠብቅ ትደውል። ትራፊክ እንባዋን ጠርጋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሹመት የተሰጣት ነው የምትመስለው።

በወሩ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሱሪውን መያዝ አላስፈለገውም። ደሙ ባለበት ነበር፤ ቀርፋፋው በሽታ እንደ ቀረፈፈ ነው። አንድ ቀን እንደሚነሣ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ያን ቀን ይታከማል። ቁልፉ ግን ዛሬም የፍሬን ኪስ ውስጥ ነው። ቀይ ሥሩን ለጎረቤት አደሉት፣ ከብርድ ልብሶቹም አንዱ የሚኒባሱ ወንበር ልብስ ሆነ።

አሁን በየጠዋቱ ሕፃናቱን ሊያመጣ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ታስቆመዋለች። እሱም እንደ ወጉ ፍሬን ይይዛል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ያወጣላታል። መዳፏን ማጅራቱ ላይ አድርጋ ትቆያለች። አንዳንድ ቀን ከሚያስፈልገው በላይ ትቆያለች፤ እሱም አያስቸኩላትም።

«ደረቅ ነው» ትላለች። ከዚያ መንገዱ መሐል ገብታ፣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በአንድ እጇ አስቁማ፣ በሌላው ባሏን ታሳልፈዋለች።