ለአባቷ ዓይን የተሠራች ሰዓት

ባለቤቴ ቄስ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጸሎቱ አልከበዳቸውም፤ በቃላቸው ይዘውታል። የከበዳቸው ሰዓቱ ነው። የግድግዳው ሰዓት ዘንጎች ጠፉባቸው፤ የስልኩም ቁጥር ቀጥኖ ይደበዝዝባቸው ጀመር። አንድ ቀን እኔም ልጃችንም ከቤት ወጥተን የሚነግራቸው አጡና እኛ እስክንመለስ ከቅዳሴ ዘገዩ። ቅዳሴ ያለ አምስት አገልጋይ አይገባም፤ አራቱ ቆመው ጠበቋቸው። በማግሥቱ አብረዋቸው የሚያገለግሉት ካህን፣ በፍቅር ነው፣ “ቄሴ፣ ከእንግዲህ ትንሽ ቢያርፉስ?” አሏቸው።

ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ከመቅደሱ መቅረት ለእሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጃችን እዚሁ ጎንደር የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትማራለች። “እኔ የሚታይ ሰዓት እሠራለታለሁ” አለች። ከአራዳ ገበያ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰሌዳና ሰማያዊ ብርሃን ያላት ትንሽ ስክሪን ይዛ መጣች። ሰሌዳዋን ማይክሮኮንትሮለር ትላታለች። እንደ ሳንቲም ክብ በሆነች ባትሪ የምትሠራ ሌላ ቁራጭ ደግሞ አለች፤ እሷ ሰዓት ጠባቂዋ ናት። ሰዓት ጠባቂዋ ሳታቋርጥ ትቆጥራለች፣ ሰሌዳዋ ታነብባታለች፣ ያነበበችውን ስክሪኑ ላይ ትጽፋለች። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ ይበቃኛል።

ስክሪኑ የእኛን ፊደል አያውቅም። ሰው ራሱ ከነጠብጣብ የሚሠራለትን ስምንት ምልክት ብቻ ይቀበላል። ልጄ ቁጭ ብላ “ሰዓት”፣ “ጠዋት” እና “ማታ” የሚሉትን ፊደላት ሠራች። አንድ ቦታ ቢተርፋት መስቀል ሳለችበት። እጅግ ያምር ነበር። አባቷ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩና፣ “ሰማያዊ ነገር አያለሁ። ሸጋ ነው ልጄ” አሏት።

ይዛው ወደ ክፍሏ ገባች።

ከቀናት በኋላ ስታሳየኝ ፊደላቱ የሉም። ስምንቱም ምልክቶች የቁጥር ስብርባሪ ሆነዋል፤ እነሱን እየገጣጠመች አንዱ ቁጥር የስክሪኑን ሁለት መስመር ይዞ ጉብ እንዲል አድርጋለች።

“መስቀሏስ?” አልኋት።

“መስቀሉ በአባዬ እጅ አለ፣ እማ።”

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው የሚገባው። ባለቤቴ ማለዳ ኪዳን አድርሰው መጡና ጋደም አሉ። ልጄ ሰዓቷን ስክሪኑን ከሚያበራው ትልቅ ባትሪ ጋር የጣውላ ሳጥን ውስጥ ስታስገባ ያቺ ክብ ባትሪ ወልቃ ቆጠራው ጠፋ። ሌላ ጊዜ ትክክለኛውን ሰዓት ከኮምፒዩተሯ ነበር የምትሞላው፤ ያን ቀን ግን መብራት ሄዷል፣ ኮምፒዩተሩም ሞቷል።

“እማ፣ ስንት ሰዓት ነው?” ብላ ጮኸች።

“ሁለት!” አልኋት ከማድ ቤት።

ባትሪዋን መልሳ ሰሌዳዋ ላይ ባሉት ቁልፎች ሁለት ብላ ሞላችና አባቷ ራስጌ አኑራው ጎመን ልትቀነጥስልኝ መጣች። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ሰማዩ ጠዋት ይሁን ማታ አያስታውቅም። ጎመኑን ጨርሰን ስንመለስ አልጋው ባዶ ነው። ጋቢው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ በትሩም የለም። ራስጌው ላይ አንድ ትልቅ ስምንት ቆሟል።

“ወይኔ ጉዴ!” አለች ልጄ።

“ምነው?”

“ሰዓት ጠባቂዋ የምትሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰሌዳዋ ናት ስድስት ሰዓት ቀንሳ ወደ እኛ የምታመጣው። እኔ የእኛኑ ሁለት ሞላሁባት፤ ከሁለት ስድስት ወደ ኋላ ቆጥራ ስምንት አለች። ቅዳሴ ገብቶ እሱ የቀረ መስሎት ነው የሄደው!”

ጭቃውን እየረገጥን ሮጥን። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ብቻቸውን ወጥተውት አያውቁም፤ አንዳችን እንይዛቸዋለን። በየቦዩ ዓይኔን እየጣልሁ እመቤቴን ለመንኋት።

ደጀ ሰላሙ ስር ተቀምጠው አገኘናቸው። ልብሳቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ያ እንዲያርፉ የመከሯቸው ካህን አጠገባቸው ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

“ዘገዩ ብለን ብናማቸው” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ “ዛሬ ግማሽ ቀን ቀድመው መጡብን! ብቻዎን ሊቀድሱ ነው እንዴ፣ ቄሴ?”

“ስምንት ሰዓት ነዋ! ጥላችሁኝ የገባችሁ መስሎኝ ልቤ ልትወጣ ነበር።”

ልጄ እያለቀሰች፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባዬ፣ በፈረንጅ መሙላት ሲገባኝ…” ስትል ካህኑ በእጃቸው አስቆሟት። ሳቃቸውም ቆመ።

“ቆይ ቄሴ፣ ስምንት ነው ብሎ ማን ነገረዎት?”

“ማንም። አነበብሁት።”

“እርስዎ?”

“እኔ ነኛ! ከነደቂቃው። ከአልጋዬ ሳልነሣ።”

ልጄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰዓቷ ተሳስታለች፤ አባቷ ግን አልተሳሳቱም።

ቤት እንደገባን የፈረንጁን ሰዓት ሞላችላት። ባለቤቴ ልብሳቸውን ቀይረው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እኔና ልጄ ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ራሳቸው ተነሥተው ጥምጣማቸውን ጠመጠሙ።

ከቅዳሴው መካከል ድምፃቸው ወደ ሴቶቹ በኩል ሲመጣ ብዙ ልጸልይ አስቤ ነበር። “ተመስገን” ብቻ አልሁ። ከዚያ ወዲህም ስለ ማረፍ ያነሣባቸው የለም።