ለእማሆይ የተጨመረችው ምራቂ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... የምትተካኝ ልጅ ስለቀረች ከትናንት ጀምሮ ተረኛ እኔው ነኝ። እግሬ አብጦ ጫማዬ ጠቦኛል።

ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር። ጥጉ አልጋ ላይ አንዲት መነኩሲት ተኝተዋል። ዕድሜ ልካቸውን የማጀት ጭስ ሲምጉ ኖረው ሳንባቸው አልቋል። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርጌ መክፈቻውን ዝቅ አድርጌ ተውኩት። የሚያስታምማቸው ልጃቸው ነው፣ እብናት ገበያ እህል የሚሸጥ ጎልማሳ።

«ሲስተር፣ ይቺው ናት?» አለኝ መክፈቻውን እያየ።

«ትበቃቸዋለች። እንዳትነካት።»

«ለእናት በጎዶሎ ይሰፈራል እንዴ?»

ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ደክሞኛል... «አትንካ ብያለሁ» ብዬው ሌላ በሽተኛ ጋ ሄድኩ።

ስመለስ ፊቱ በርቷል። «ይኸው ተኙልኝ! ስንት ቀን ዓይናቸውን ሳይከድኑ...»

እኔ ደረታቸውን አየሁ። አንዴ ከፍ አለ... ጠበቅኩ... አሁንም ጠበቅኩ። ድካሜ የት እንደገባ እንጃ። መክፈቻው እስከ ጥጉ ተከፍቷል።

«ምን አደረግህ?»

«ትንሽ ምራቂ ጣል አደረግኩላቸው። እኔ ለባዳ እንኳ ሳልመርቅ ሰፍሬ አላውቅም...»

ሐኪሙን ተጣራሁ። መክፈቻውን ወደ ቦታው መለስኩና ትከሻቸውን እየነቀነቅኩ «እማሆይ፣ ይተንፍሱ!» እላለሁ። ሐኪሙ መጥቶ በእጅ በሚጨመቀው መተንፈሻ አየር ይሰጣቸው ጀመር። ልጁ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ «በእጄ ገደልኳቸው» ይላል።

ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምነው ልጄ፣ እንቅልፍ እንኳ ትነፍጊኛለሽ?» አሉኝ።

ያኔ ነው ልጁ አጠገብ ተቀምጬ ያስረዳሁት። «የተቃጠለው አየር ሲጠራቀም የሰው አካል ራሱ ተንፍስ ይላል። የእሳቸው አካል ግን ያንን ለምዶ ችላ ብሎታል። የቀራቸው አንገታቸው ውስጥ ያለው ዘበኛ ነው፣ ኦክስጅን ሲጎድል አንጎልን የሚቀሰቅስ። አንተ ስትሞላላቸው እሱም ተኛ።» ቀድሜ ይህን ብነግረው ኖሮ ባልነካው ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዘመዶች ሊጠይቁ መጡ። አንዷ ሴትዮ «ምነው፣ ትንሽ ጨመር ቢያደርጉላቸው» ብላ እጇን ወደ መክፈቻው ስትሰድ ልጁ መሐል ገባ።

«ተይ! እናቴ በጎዶሎ ነው የሚኖሩ።»

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ፊቴን አይታ «በይ ሂጂ፣ ሳምንት ሙሉ እረፊ» አለችኝ።

«ኧረ ቀስ እያልሽ...» አልኳት። «ባንዴ ከከፈትሽልኝ መተንፈሱን እረሳዋለሁ።»