ሰይድ የጠበቀው ጎርፍ

ባለፈው ሳምንት ከቆቦ ገበያ ግማሽ ኩንታል ማሽላ ገዝቼ በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ሾፌሩ የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልረሳኝም። ከረጢቱን እስከ ጓዳ ተሸክሞ አስገባልኝ። ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ እንዳለኝ ሲሰማም እሱ ራሱ መጥቶ እንደሚወስደኝ ነገረኝ። ሊሄድ ሲል ከደጃፉ ዞር አለና፣ ያስተማርኩትን እንዳልረሳ ሊያሳየኝ ፈልጎ፣ «ቲቸር፣ ካውንት ኦን ሚ» ብሎኝ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩለት። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው፣ ተማሪው አንዲት አነጋገር በቦታዋ ሲጠቀም ቢሰማ ደስ ሊለው ይገባል። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ያችን አነጋገር ሰሌዳ ላይ በጻፍኳት ቁጥር ምሳሌውን ከመጽሐፉ ነበር የምገለብጠው። የራሴን ምሳሌ ለአንድ ተማሪ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም።

ትርጉሟን ያስተማረን ህንዱ መምህራችን ነበር። ጊዜው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ሰባተኛ ክፍል ነበርን፤ ሰባተኛ ክፍል ስል ግን ጢማችን ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሶች ነበርን። ህንዱ በዚያ በቆቦ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጠመኔውን በመሐረብ ጠቅልሎ የሚይዝ ቀጭን ሰው ነበር። አንድ የግንቦት ቀን «ካውንት ኦን» ብሎ ጻፈና ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለን። «ካውንት» መቁጠር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንዱ ላሞቹን ቆጠረ፣ ሌላው ፍየሎቹን። ህንዱ በተሰባበረ አማርኛው፣ የሚቆጠረው ሰው ነው፣ በቸገረህ ቀን አይቀርም የምትለው ሰው ነው እያለ ደከመ።

በእኛ አገር ደግሞ የሚወዱት ነገር አይቆጠርም። የራያን ገበሬ ስንት ከብት አለህ፣ ስንት ልጅ አለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዓይንህን የጣልክበት ይመስለዋል። ሰውን መቁጠር እንዴት እሱን ማመን ሊሆን እንደሚችል ማናችንም አልገባንም። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የገባው ለሰይድ ነው። ብድግ ብሎ በጣቱ እኔን እያመለከተ፣ «አይ ካን ካውንት ኦን ይመር» አለ። ህንዱ ጠመኔውን አስቀምጦ አጨበጨበ። እኔ አፍሬ አቀረቀርኩ፤ ውስጤ ግን በኩራት ተሞልቶ ነበር።

ሰይድ አባቱ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱንና ሁለት ታናናሽ እህቶቹን ይዞ፣ ከትምህርት መልስ እያረሰ ነበር የሚማረው። ማሳቸው ከእኛ ማሳ በታች ነው፤ ውሃ የምናገኘውም ከአንድ ቦይ ነበር። የራያ ሜዳ ከዝናቡ ይልቅ የሚተማመነው በጎርፉ ነው። ዝናቡ በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች ላይ ይጥላል፤ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ደረቁ ወንዝ በድንገት እያጓራ ይመጣል። ገበሬው በእሾህና በአፈር ክትር ሠርቶ ጎርፉን ወደ ቦዩ ይጠልፈዋል። መጀመሪያ የላይኛው ማሳ ይጠጣል፤ ሲጠግብ ባለቤቱ ክትሩን አፍርሶ ለታችኛው ይለቃል። ጎርፉ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ስለዚህ የታችኛው ገበሬ አንድ ሰው የራሱ ማሳ አፍ ላይ፣ አንድ ሰው ደግሞ የላይኛው ገበሬ ራስጌ ያቆማል፤ የዚህኛው ሥራ ልቀቅ እያለ መነዝነዝ ነው። ሰይድ ሁለተኛ ሰው አልነበረውም።

የዚያ ዓመት ክረምት ሜዳው ላይ ዝናብ ጠፋ። ነሐሴ ላይ ማሽላው ጉልበት ደርሶ ቅጠሉ መጠቅለል ጀመረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔና ሰይድ በለስ እየላጥን፣ ተራራ ተራራውን እያየን እንውላለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። ሰይድ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ማሳው ሲወርድ ክትራችን አጠገብ ቆመና፣ የእኛ እንደጠገበ እንዳፈርስለት ነገረኝ።

«እላይ ሰው አላቆምኩም፤ አንተ አለህ» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ የህንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ደገመልኝ።

ጎርፉ ግንድና ፍግ እየነዳ፣ ያን የራሰ አቧራ ሽታውን ከፊቱ እያስቀደመ መጣ። እኔና አባቴ ጠለፍነው። ማሳችን ጠጣ፤ ውሃው እስከ ድንበሩ ደረሰ። አካፋዬን አንሥቼ ወደ ክትሩ ስሄድ አባቴ ትንሽ ይቆይ አለ። ሰይድ እየጠበቀ መሆኑን ነገርኩት። ለእነሱም ነገ ይመጣላቸዋል፣ ሰማዩን ማን ያምነዋል አለኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ዓመት ያየ ሰው ነበር። እጄን አልያዘኝም፣ አልተቆጣኝም። ቆሜ የቀረሁት ራሴ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የራሳችን ማሽላ ቅጠሉን ሲዘረጋ ማየቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ክትሩን ያፈረስኩት ወንዙ መጉደል ከጀመረ በኋላ ነው።

ቁልቁል ሮጥኩ። ስሮጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሰይድ ለምን አልመጣም? ሌላ ሰው ቢሆን ውሃው ገና ሲዘገይ እየሮጠ መጥቶ ይጮህብን ነበር፤ ክትሩን በራሱ አካፋ ይንደው ነበር። በጎርፍ ሰበብ ስንት ሰው ሲፈነካከት አይቻለሁ። ሰይድ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ቢጠረጥረኝ ኖሮ ማሳው ይተርፍ ነበር።

አካፋውን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ቦዩን ጠርጎ አዘጋጅቷል፤ እናቱና እህቶቹ ለክትር የሚሆን እሾህ ይዘው ከጎኑ ቆመዋል። እግራቸው ሥር አረፋና ጭቃ ብቻ እየተንፏቀቀ ይመጣል።

«ጎርፉ ትንሽ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ትንሽ ነበር» አልኩት።

ይህን ስለው በማሳችን ጭቃ እስከ ጉልበቴ ተለውሼ ነበር። ሰይድ እግሬን አየና ዓይኑን ወደ ማሽላው መለሰ።

ሁለተኛ ጎርፍ አልመጣም። የእነሱ ማሽላ ባለበት ደረቀ። የእኛ አፈራ፤ እሸቱን ጠብሰን በላን፤ አልዋጥ አለኝ ብል ውሸት ነው፣ ጣፍጦኝ ነው የበላሁት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰይድ አልተመዘገበም። እናቱ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ይዛ ዋጃ ወዳሉ ዘመዶቿ ገባች አሉ፤ እሱ ወደ አፋር ጥጥ ለቀማ ወረደ። ህንዱ ሰይድ የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።

መምህር ሆኜ ከዓመታት በኋላ ወደ አላማጣ ስሄድ አውቶብሳችን ዋጃ ቆመ። ሰይድ ራሱን የሚያክል ጆንያ ተሸክሞ ጭነት ይጭናል። ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆነን ነው፤ ወገቡ ግን ጎብጧል። ወርጄ በስሙ ጠራሁት።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አለኝ።

ያላወቀኝ መሰለኝ። «ሰይድ፣ ይመር እኮ ነኝ» አልኩት።

«አውቄዎታለሁ» አለ።

የአባቴን ጤና ጠየቀኝ፤ ያንንም አንቱ እያለኝ። ከዚያ ጆንያውን አስተካክሎ ወደ ጭነቱ ተመለሰ። አውቶብስ ውስጥ ገብቼ እስከ አላማጣ ድረስ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት እያልኩ ሄድኩ። ስድብ እኮ ለቅርብ ሰው ነው።

ዛሬ ሰይድ ይኑር ይሙት አላውቅም። ዋጃ በሚኒባስ ቅርብ ናት፤ ወርጄ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ፈርቼ ነው። ባጃጅ ነጂውም፣ ባለሱቁም፣ ጎረቤቱም አንቱ ይለኛል፤ ሽበቴን አክብሮ ነው። ሰይድ አንቱ ያለኝ ቀን ግን በራሴ ላይ አንድም ሽበት አልነበረም።