ቶሞኤ ለታመመው አለቃ ያዘነች ጊዜ

ቶሞኤ ኩኒሺጌ ጓደኛዬ ናት፣ እወዳታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን አንጀቴን ታሳርረዋለች። ኦጊኩቦ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከኑድል ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ጠረጴዛ ገጥመን ስንሠራ አርጅተናል። ሥራችን ፊልማቸውን ይዘው ጃፓን ለሚገቡ የውጭ አገር አኒሜሽን ሠሪዎች መንገድ ማሳየት ነው። እኔ ውሉን አነባለሁ፣ እሷ ሰዉን ታነባለች። ሰው ማንበብ ደግሞ ታውቅበታለች። አባቷ ኮፉ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸውና ገና ልጅ ሳለች እንግዳው ሳይጠይቅ ምን እንደሚፈልግ ከፊቱ ታውቅ ነበር ይባላል።

በወጣትነቷ ኔሪማ ሰፈር በአንድ ስቱዲዮ ለፊልም የሚሆን ስዕል ቀለም ትቀባ ነበር። አለቃዋ ክረምቱን ሙሉ የደከመችበትን ትዕይንት ቆርጦ ሲጥለው ትንፍሽ አላለችም። እስከ ዛሬም አልተናገረችም፤ ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እኔ ብሆን ቀለሙን ራሱ ላይ ነበር የምደፋበት።

ባለፈው ዓመት ኔዣ የምትባል ሴት ከስሎቬኒያ መጣች። ፊልሟን የጻፈችውም፣ የሳለችውም፣ ያዘጋጀችውም ራሷ ናት። ታሪኩ የአንድ ንብ አርቢ ሽማግሌና የልጅ ልጁ ነው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ይሞትና ልጅቷ ብቻዋን ሄዳ ቀፎውን ትከፍታለች፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ቶሞኤ ፊልሙን ቢሯችን ውስጥ አይታ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ይሄን መጨረሻ ማንም አይነካብሽም» አለቻት። ቃል ሰጠች ማለት ነው።

ፊልሙን ሊያሳዩ የተነሱት አምስት ድርጅቶች ናቸው፤ ቴሌቪዥን ጣቢያው፣ አሳታሚው፣ መጫወቻ አምራቹ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱና የሙዚቃ ድርጅቱ። በእኛ አገር እንዲህ ያሉት ተሰብስበው ኮሚቴ ይሆናሉ፤ አምስቱም እሺ ካላሉ ነገሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የማስታወቂያው ሰውዬ ገና ከጅምሩ፣ «ልጆች እራት እየበሉ ነው የሚያዩት፤ ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ቢነቃስ?» ብሎ ነበር።

የውሉ ረቂቅ ሲመጣ ኔዣ አልደነገጠችም።

«ጠበቃዬ በጃፓን ሕግም የደራሲ ክብር አይሸጥም ብሎኛል። ሥራዬን ያለፈቃዴ ሊለውጡት አይችሉም።»

«ጠበቃሽ እውነቱን ነው፤ ሕጉ አይሸጥም ይላል» አልኳት። «ይሄ አንቀጽ ግን ‹መብቱ አለኝ፣ ነገር ግን አልጠቀምበትም› ብለሽ ፈርሚ ነው የሚልሽ። በሬው ያንቺ ነው፣ እንዳትጠምጂው እንደማለት።»

«ይሄ ይፈቀዳል?»

«እዚህ ይሄ የሌለበት ውል አይቼ አላውቅም።»

ቶሞኤ አንድ መስመር እናስጨምራለን አለች፤ መጨረሻው ያለ ኔዣ ፈቃድ አይለወጥም የሚል። ኔዣ ስብሰባው ላይ ተነስታ ልትናገር ፈለገች። ቶሞኤ ደነገጠች።

«ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። መጀመሪያ በየቢሯቸው እየዞርኩ አንድ በአንድ አነጋግራቸዋለሁ። ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ያለቀ ነገር ነው።»

«ካለቀ ስብሰባው ምን ያደርጋል?»

«ሻይ ይጠጣበታል» አልኳት እኔ።

ዙረቱ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚኬደው ትልቁ ጋ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኦታጉሮ ግን ያን ሰሞን ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ቶሞኤ ፍራፍሬ ገዝታ ልትጠይቃቸው ሄደች። ተመስገን፣ ነገሩ ዛሬ ይጀመራል ብዬ ቢሮ ቁጭ አልኩ።

ስትመለስ፣ «ነገርሻቸው?» አልኳት።

«ኧረ ምን ነካሽ? ሰው ወገቡን ተቀዶ ተኝቶ የውል ነገር ይነሳል?»

«ታዲያ ምን ስታወሩ ቆያችሁ?»

«ስለ ዝናቡ።»

«እሳቸውስ ምንም አላሉሽም?»

«የሥራ ጉዳይ አለ ወይ ብለውኝ ነበር። ምንም የለም፣ ይረፉ አልኳቸው።»

ደሜ ፈላ። «ሰውየው በገዛ አፉ ጠይቆሽ! ደግ ነገር፣ እንግዲያው ድነው እስኪወጡ ሌሎቹ ጋ ድርሽ እንዳትይ» አልኳት።

«ስብሰባው ደርሷል እኮ። አራቱን ልጨርስና ነገሩን አልቆ ቢያገኙት ይሻላል፤ እንዳይደክሙ።»

እንዳይደክሙ! ስንቱን ዘመን እዚህ ሥራ ላይ የኖረች ሴት ናት እንዲህ የምትለው። ቶሞኤን ይሉኝታ ሲይዛት ግን ማንም አያስጥላትም። የባቄላ ጣፋጭ በሚያምር ወረቀት እያስጠቀለለች አራቱንም ዞረቻቸው። አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። የማስታወቂያው ሰውዬ ሳይቀር፣ «እርስዎ ካሉማ፣ ሽማግሌው ይሙት» ብሎ ሳቀላት።

አቶ ኦታጉሮ ሥራ የገቡ ዕለት አብረን ሄድን። ምርኩዝ ይዘዋል፣ ከስተዋል። ቶሞኤ ነገሩን በወጉ አስረዳቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ሌሎቹስ ምን አሉ?» አሏት።

«ሁሉም ተስማምተዋል» አለች፤ የምሥራች የምትነግራቸው መስሏት።

የያዙትን ሻይ አስቀመጡ። «አራቱም?»

«አዎ፣ አራቱም።»

«እኔ ስለ ዝናብ ሳወራ ማለት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «መልካም። እናስብበታለን።»

ወጥተን ባቡር ተሳፈርን። ምን ልበላት? ለታመመ ሰው አዘነች እንጂ ምን አደረገች። ብናደድም የምናደድበት ቦታ አጣሁ።

ስብሰባው ላይ ውሉ ሲነበብ አዲሱ መስመር የለም። አሮጌው አንቀጽ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ቶሞኤ ወደ አሳታሚው ብታይ፣ ጣፋጯን የበላው ሰው ኩባያውን ያገላብጣል። ወደ መጫወቻ አምራቹ ብታይ፣ እሱም መነጽሩን ይጠርጋል። እኔ አላስቻለኝም።

«ስለ መጨረሻው የተነጋገርነው ነገር ነበር» አልኩ።

የሙዚቃው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የጣቢያውን ሐሳብ ብንሰማ ጥሩ ነው» አለ።

«እንደተለመደው ቢሆን ይሻላል» አሉ አቶ ኦታጉሮ።

አራቱም እንደገና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እነዚያው ራሶች። አንድ በአንድ እያነሳሁ ባፈርጣቸው ደስ ባለኝ።

ኔዣ ብዕሯን ይዛ ቶሞኤን ታያለች። ቶሞኤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «አትፈርሚ። ከፈረምሽ ሽማግሌውን ያስነሱታል፣ አንቺም መናገር አትችይም» አለቻት። ኔዣ ውሉን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ብዕሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁሉም ተነስተው እጅ ነሱ፣ ስለ ድካማችን አመሰገኑን። እንዲህ በጨዋነት ተጣልቼ አላውቅም።

አቶ ኦታጉሮ ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ አሳንሰሩ ሸኙን። ሦስታችን ከገባን በኋላ፣ «ኩኒሺጌ ሳን» ብለው በአክብሮት ጠሯት። «ፊልሙን ሆስፒታል ተኝቼ ነው ያየሁት። ሁለቴ አየሁት። መጨረሻው እንዳይነካ ልልዎት ነበር። ሥራ አለ ወይ ብዬ የጠየቅኩዎት ለዚያ ነበር።»

«ታዲያ አሁንስ ምን ያግድዎታል?» አልኩ፤ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«አሁንማ አራት ሰው ወስኖ አምስተኛ የተነገረኝ እኔ ነኝ። ጣቢያው ውስጥ ምን ብዬ ላስረዳ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቶሞኤ፣ ጎንበስ ብላ።

ቋንቋው ያልገባት ኔዣ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኛን ታያለች። «ምን እያሉ ነው?» አለች።

«ፊልምሽን ወደውታል» አለቻት ቶሞኤ፣ እንዳጎነበሰች።

«ታዲያ ለምን?»

በሩ ተዘጋ፤ አሳንሰሩ መውረድ ጀመረ። ቶሞኤ ቀና አላለችም።

«ቀና በይ እንጂ፣ ሄደዋል እኮ» አልኳት። አልሰማችኝም። ኔዣ አሁንም መልስ እየጠበቀች ነበር።