ሦስት ጊዜ ሞከረች

ሠላሳ ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ሌላ ሰው አየሁ ያለውን መጻፍ ነው። ምስክር ተነሥቶ «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት» ባለ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ እየጻፍኩ በሆዴ እስቅ ነበር። ነገር የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ያላየው ሰው አይደለም፤ ይሄው በዓይኔ በብረቱ ባዩ ነው። ለካ ፈጣሪ ያን ሁሉ ሳቅ መዝግቦ ይዞብኝ ኖሯል። በሰባ አራት ዓመቴ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ያለችው ኬንት ድረስ ተከትሎ መጥቶ አነበበልኝ።

የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። ልጄ ኤርፖርት ትሠራለች። የእሷ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች፤ በቁመት ካለፈችኝም ቆይታለች። እኔን ማለፍ እንኳ ጀብዱ አይደለም፤ ፍሪጁም አልፎኛል። ይህን ስቴት የሚወክል አዲስ የሴቶች የራግቢ ቡድን ሲቋቋም ሄዳ ተፈተነችና ገባች። እኔ ስቴትን «ክፍለ ሀገር» እያልኩ ነው የምተረጉመው። ስለዚህ ኦቴሎ ሰፈር፣ ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር ሻይ ይዘን የምንቀመጥበት ሱቅ ሄጄ፣ «የልጅ ልጄ ለክፍለ ሀገር ቡድን ተመረጠች» ብዬ በኩራት ተናገርኩ።

«ምነው፣ ሲያትል አልቀበልም አላት?» አለኝ አንዱ በሐዘኔታ።

ስለ ጨዋታው ያኔ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ኳሱ የበሰለ ፓፓያ ይመስላል። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ደግሞ ክልክል ነው፤ የሚቀባበሉት ወደ ኋላ ነው። ወደ ኋላ እየሰጡ ወደ ፊት እንሄዳለን ማለትን ከድሮው መሥሪያ ቤቴ በቀር የሚያውቅበት ያለ አይመስለኝም ነበር።

እናቷ ነገሩን አልወደደችውም። ሜዳው ሩቅ ነው፤ ያለ መኪና አይደረስም፤ መኪናው ደግሞ የእናትየው ነው። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እኔ ሳተርደይ ሥራ ነኝ። የልምምድ ግጥሚያ አላቸው፤ አብረዋት ሄደው ይዩልኝ። የምትችል ከሆነ መኪናዬን ትውሰድ፣ ትጫወት። ካልቻለች ግን በከንቱ አንገቷ እንዲሰበርብኝ አልፈልግም። እርስዎ ያሉኝን እቀበላለሁ።»

ልጅቷ ዘላ አቀፈችኝ። ዳኛው አያቷ ከሆነ ነገሩ አለቀ ብላ ነው። «አባባ፣ ጠዋት እንዳትረሺ» አለችኝ። አማርኛዋን የለቀመችው እናቷ ከምታናግራት ስለሆነ እኔንም እንደ ሴት ነው የምታናግረኝ። ለምጄዋለሁ፤ አንዳንዴም ዞር ብዬ መቀነቴን እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናትየው ለዕለቱ በተወችልን መኪና፣ ታጣፊ ወንበርና ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። ያካፋል። የዚህ ከተማ ሰው ለዝናብ ጃንጥላ አይዘረጋም፤ እኔ ዘረጋሁ። ከኋላ የቆሙት «ሰውዬ፣ ጋረድከን» ሲሉኝ አንድ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ውጤት የሚጻፍበት ሰሌዳም ከጃንጥላዬ ጀርባ ቀረ።

የልጅ ልጄ ያን ፓፓያ ታቅፋ ስትሮጥ የሚደርስባት የለም። ሁሉንም አምልጣ ከዳር ያለው ነጭ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ዘጭ አለች፤ በሆዷ፣ ጭቃ ላይ። ጓደኞቿ ሮጠው መጥተው አነሷት፤ አቀፏት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። የወደቀን ሰው እንዲህ የሚያጽናኑ ምን ዓይነት የተባረኩ ልጆች ናቸው አልኩ። እሷም ላለማልቀስ ትስቃለች። ደግማ ሮጠች፤ መስመሩ ላይ ዘጭ። ለሦስተኛ ጊዜ ሮጠች፤ ዘጭ። እኔ ጎሉ ያ ሁለት ረጃጅም ምሰሶ ነው ብዬ ወደዚያ እስክትወረውር እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜም አልወረወረችም።

ሲያልቅ አሠልጣኟ፣ ትከሻዋ በር የሚያህል ሴትዮ፣ መጥታ ጨበጠችኝና በእንግሊዝኛ «የልጅ ልጅህ ዛሬ ሦስት ትራይ አላት» አለችኝ። ትራይን የማያውቅ ሐበሻ እዚህ ከተማ የለም። ሥራ ትራይ አደረግኩ፤ ፓርክ ለማድረግ ትራይ አደረግኩ፤ ማለትም አልተሳካም። «አዝናለሁ፤ በሚቀጥለው ይሳካላታል» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። አንጀት የላትም አልኩ በሆዴ።

መኪና ውስጥ ልጅቷ ፈክታለች። «አባባ፣ አየሽኝ? ሦስት ትራይ አደረግኩ እኮ።»

«አይቻለሁ» አልኳት። «አይዞሽ፤ ዋናው መሞከሩ ነው።»

እየሳቀች ነዳችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስቀልድባት ስለኖርኩ ይህንንም ከቀልዶቼ ጋር ደመረችው።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ልጅቷ ጭቃዋን ልትታጠብ ገብታ ነበር።

«እሺ አባዬ፣ እንዴት ናት?»

ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ሩጫዋ ግሩም ነው። ጉልበትም አላት። ግን ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም መስመሩ ላይ ስትደርስ ወደቀች።»

«ሦስቱንም?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

ልጅቷ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ ስትል የመኪናው ቁልፍ እናቷ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። «እንደማትቀጥዪ ለኮችሽ ቴክስት አድርጊላት፤ በቃ» አለቻት። የሚቀጥለው ቅዳሜ የቡድኑ የመጀመሪያ ግጥሚያ ነው፤ የቀረች ልጅ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች። እናቷ በአማርኛ አንድ ነገር ብቻ መለሰች፦ «አያትሽ አይተው ነው የመሰከሩት።»

ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እየቀለድሽ ነው አይደል?»

«ዛሬ አልቀለድኩም» አልኳት፤ ኮራ ብዬ።

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ያላት ንግግር «እሺ» እና «ኖ» ብቻ ሆነ።

ረቡዕ ኦቴሎ ሄጄ ሐዘኔን ለጓደኞቼ አወራሁ። ሻይ ሊጠጣ የገባ አንድ ባለታክሲ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ምን አደረገች ነው ያሉት?»

«ሦስት ትራይ።»

«እኔ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይዤ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንን ነበር የሚያሳዩን። ትራይ እኮ ጎሉ ነው። ኳሱን ይዞ፣ መስመሩን አልፎ፣ መሬት ማስነካት ነው።»

«መውደቁስ?»

«ሳይወድቁ ኳሱን እንዴት መሬት ያስነኩታል ጋሼ?»

ከዚያ አንዱ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ሦስት ጎል ያገባችን ልጅ መስክረህ አስፈርደህባታላ» አለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ልጄን ደጃፍ ላይ ጠበቅኳት። «ቃሌን አንሥቻለሁ» አልኳት። «ትራይ ማለት መሞከር አይደለም፤ ማግባት ነው።»

ጫማዋን እያወለቀች አየችኝ። «አባዬ፣ ቅዳሜ ወደቀች አሉኝ። ዛሬ አገባች ይሉኛል። ልጅቷ ስላኮረፈችዎት ነው አይደል?»

ፍርድ ቤት ሳለሁ ቃሉን ለውጦ የታመነ ምስክር አላየሁም። ያውም ቀልደኛ። «እንግዲያው ራስሽ መጥተሽ እይ» አልኩ። እየተከተልኩ ነዘነዝኳት። ሐሙስ ማታ እዚሁ አጠገባችን ዴ ሞይን ከተማ ከምትኖር የሥራ ባልደረባዋ ጋር ተራ ተቀያየረች፤ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል። ልጅቷም ለካ ያን ቴክስት ገና አልላከችም ነበር።

ቅዳሜ ጃንጥላውን ቤት ተውኩት። ልጄ አጠገቤ ቆማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። የመጀመሪያው አጋማሽ ምንም የለም። ልጅቷ ኳስ ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት። እናቷ አየት ታደርገኛለች። ዝናቡ እየመታኝ አላበኝ፤ ሁለተኛው ምስክርነቴም ገደል ሊገባ ነው።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሱ ደረሳት። አንዷን አለፈች፤ ሌላዋን በእጇ ገፋች። መስመሩ አጠገብ ሌሎች ሁለት ወገቧ ላይ ተንጠለጠሉባት፤ እነሱንም እየጎተተች ሄደች።

«ወደቀች» አለች ልጄ።

«ወደቀች» አልኩ እኔም። በሰው መውደቅ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ታዲያ ምንድነው የሚያጨበጭቡት?»

«ስለወደቀች ነው።»

«አንዱ ትራይ አምስት ነጥብ ነው» ብዬ በጣቴ ሰሌዳውን አሳየኋት። ከቡድኑ ስም አጠገብ የነበረው ዜሮ ወደ አምስት ተለወጠ። ልጄ ሰሌዳውን አየች፤ ጭቃ ለብሳ የምትስቀውን ልጇን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ብቻ? ባለፈው ሦስት ብለውኝ አልነበር?»

ቡድኑ ተሸነፈ። የልጅ ልጄ ቦታ ግን አልተነካም። ወደ መኪናው ስንሄድ ልጄ ከፊት ከፊት እየሄደች ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከተተችና ዞር ሳትል ቁልፉን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ወረወረችው። ልጅቷ ባንድ እጇ ቀለበችው።

እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ከነወንበሬ ልገባ ታገልኩ። መጀመሪያ ወንበሩ በሩ ላይ ተሰነቀረ፤ ቀጥሎ እግሬ። ሦስተኛው ላይ ጭንቅላቴን ጣሪያው መታኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያኮረፈችኝ ልጅ እስከ ጆሮዋ ጭቃ ሆና መጣችና በሩን ያዘችልኝ።

«አይዞሽ አባባ» አለችኝ። «ዋናው መሞከሩ ነው።»